በኮንቬየር ላይ የሚያልፉ ዕቃዎችን በፒኤልሲ መቁጠር፦ ከመስመሩ ልኬት እስከ መጨረሻው ፍተሻ

በኮንቬየር ላይ የሚያልፍ ዕቃን የሚቆጥር ፕሮግራም ሲታይ የፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን በፕሮግራም የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ትምህርት የመጀመሪያ ሳምንት ልምምድ ይመስላል። አንድ ኢንፑት (የምልክት መግቢያ)፣ አንድ ካውንተር (ቆጣሪ) እና አንድ ሪሴት (ቁጥሩን ወደ 0 መመለሻ) ይበቃዋል፤ በጠረጴዛ ላይ በማብሪያ ማጥፊያ ሲሞከርም ላደር በተባለው የፒኤልሲ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በሦስት መስመር ያለ እንከን ይሠራል። ችግሩ የሚገለጠው ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በእጅ ከተቆጠረው ጋር ሲተያይና ሁለቱ አልገጥም ሲሉ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ጀማሪዎች ካውንተሩን መለወጥ ይጀምራሉ፤ ካውንተሩ ግን የተነገረውን ብቻ የሚደምር ስለሆነ ጥፋቱ እምብዛም የእርሱ አይደለም። የሚሳሳተው «አንድ ዕቃ አለፈ» ብሎ ለካውንተሩ የሚነግረው ምልክት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው አንድ ዕቃ አንድ ምልክት ብቻ፣ ያውም ሁልጊዜ፣ እንዲሰጥ ለሚያደርገው ሥራ ነው።

ነገሩን ጨብጦ ለመከተል እንዲመች አንድ የምሳሌ መስመር እንያዝ። ካርቶኖች በቀበቶ ላይ ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱ ካርቶን በጉዞው አቅጣጫ 300 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በጎኑ ላይ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የእጅ መያዣ ቀዳዳ አለው፤ ቀበቶው በሰከንድ 0.5 ሜትር ይሄዳል፤ 24 ካርቶን በተቆጠረ ቁጥር አንድ ገፊ ክንድ እንዲሠራ ይፈለጋል። በሌላ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ቁጥሮቹን በራሱ ልኬት መተካት ብቻ ይበቃዋል።

በመጀመሪያ መስመሩን ይለኩ

ፕሮግራም መጻፊያውን ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት ሜትርና የሰከንድ ሰዓት ይዘው ወደ መስመሩ ይሂዱ። የሚለካው የዕቃው ርዝመት፣ በሁለት ዕቃዎች መካከል ሊያጋጥም የሚችለው ትንሹ ክፍተት፣ የቀበቶው ከፍተኛ ፍጥነት፣ እንዲሁም ሴንሰሩ በሚያይበት ከፍታ ላይ በዕቃው አካል ያለ ቀዳዳ ወይም ጎድጓዳ ነው። አማካይ ክፍተትን መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ቆጠራን የሚያበላሸው ግን አማካዩ ሳይሆን ትንሹ ነው። ፍጥነቱን በሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ከማስላት ይልቅ በቀጥታ መለካት ይሻላል፤ በኮንቬየሩ ፍሬም ላይ 2 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች ያድርጉና አንድ ካርቶን ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ጋ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ይያዙ። 4 ሰከንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ነው።

ከዚያ ርዝመቶቹን ወደ ጊዜ ይለውጡ። በምሳሌያችን 300 ሚሊሜትሩ ካርቶን ሴንሰሩን ለ600 ሚሊሰከንድ ይጋርዳል፤ ትንሹ ክፍተት 100 ሚሊሜትር ከሆነ ሴንሰሩ ለ200 ሚሊሰከንድ ክፍት ይሆናል፤ የመያዣው ቀዳዳ ደግሞ 80 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ካርቶኖቹ በየ400 ሚሊሜትሩ ስለሚመጡ በደቂቃ እስከ 75 ያልፋሉ። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከዚህ በኋላ የሚወሰነው ሁሉ ወደ እነርሱ ይመለሳል።

የሴንሰር ምርጫና አቀማመጥ

ለካርቶን፣ ለጠርሙስና ለመሳሰሉት በብዛት የሚመረጠው በብርሃን ጨረር የሚሠራ ሴንሰር ነው። ላኪውና ተቀባዩ በኮንቬየሩ ሁለት ጎን ተለያይተው የሚቆሙበት ዓይነት ከሁሉም የሚታመን ሲሆን አቧራና ጭጋግ ባለበት ቦታ የተሻለ ይሠራል፤ ሆኖም በሁለቱም በኩል ሽቦ መዘርጋትን ይጠይቃል። ሴንሰሩ በአንድ ጎን ሆኖ በሌላው ጎን አንጸባራቂ ብቻ የሚተከልበት ዓይነት ለብዙ መስመሮች በቂ ነው፤ ዕቃው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን የዕቃውን ነጸብራቅ ከአንጸባራቂው ብርሃን ለይቶ የሚያውቅ የፖላራይዝድ ማጣሪያ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከዕቃው ራሱ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያየው ሦስተኛው ዓይነት ለመትከል ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ የዕቃው ቀለም በተለወጠ ቁጥር የሚያይበት ርቀት ስለሚለወጥ ለቆጠራ የምመርጠው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው። ለብረት ዕቃ ብረትን ሳይነካ በመግነጢሳዊ መስክ የሚለየው ኢንዳክቲቭ ሴንሰር ጥሩ ነው፤ በመግለጫው ላይ የተጻፈው ርቀት የተለካው በተራ ብረት ስለሆነ ለአሉሚኒየም ከግማሽ በታች ሊወርድ እንደሚችል አይርሱ። ዕቃው ሲገፋው የሚሠራው የሜካኒካል ሊሚት ስዊች ኮንታክት በተዘጋ ቁጥር ጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚነጥር በፍጥነት ለሚቆጠር ዕቃ አይሆንም።

አቀማመጡ ከምርጫው ያልተናነሰ ነገር ነው። ሴንሰሩን ዕቃው ተረጋግቶ በሚጓዝበት ቀጥተኛ ክፍል ላይ ይትከሉት እንጂ ከመታጠፊያ፣ ከማቆሚያ በር ወይም ሠራተኛ እጁን ከሚያስገባበት ቦታ አጠገብ አያድርጉት። ጨረሩ ከቀበቶው ወለል ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ የቀበቶው መጋጠሚያ ራሱ እንደ ዕቃ ይቆጠራል። በካርቶናችን ላይ ጨረሩን ከመያዣው ቀዳዳ በታች ማሳለፍ ከተቻለ የኋላው ፕሮግራም ግማሹ ይቃለላል። ክብ ጠርሙሶች ሆዳቸው ተነካክቶ በሚሄዱበት መስመር ላይ ደግሞ ጨረሩን በአንገታቸው ከፍታ ማድረግ ይጠቅማል፤ 65 ሚሊሜትር ሆድና 28 ሚሊሜትር አንገት ያላቸው ጠርሙሶች ሆዳቸው ቢጣበቅም በአንገታቸው መካከል 37 ሚሊሜትር ክፍተት ይኖራል። በሜካኒክ የሚፈታውን ችግር በፕሮግራም ለመፍታት መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ሴንሰር ሲተክሉም ሆነ ሲያስተካክሉ ኮንቬየሩ ኃይሉ ተቋርጦና ማንም እንዳያበራው ተቆልፎ መሆን አለበት። የመቁጠሪያ ሴንሰር የሰው ደኅንነት መጠበቂያ አይደለም፤ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውም በተራ ፒኤልሲ ፕሮግራም ላይ ሳይሆን በራሱ የደኅንነት ሪሌይ በኩል መያያዝ አለበት።

የሽቦ ግንኙነትና የምልክቱ አቅጣጫ

ሦስት ሽቦ ባላቸው የ24 ቮልት ሴንሰሮች ላይ ቡናማው ወደ ፕላስ፣ ሰማያዊው ወደ 0 ቮልት፣ ጥቁሩ ወደ ፒኤልሲው ኢንፑት ይገባል። ሴንሰሩ ፒኤንፒ ከሆነ በጥቁሩ ሽቦ 24 ቮልት ይሰጣል፤ ኤንፒኤን ከሆነ ወደ 0 ቮልት ይስባል። የኢንፑት ካርዱ የጋራ ተርሚናል ከዚሁ ጋር ካልተጣጣመ የሴንሰሩ መብራት እየበራ ኢንፑቱ ግን ምንም አያይም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። የሴንሰሩ ኬብል ከኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) እና ከሞተር ኬብሎች ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አይለፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት የሚታለፍ ውሳኔ አለ። በአንጸባራቂ የሚሠራው ሴንሰር ብርሃን ሲያይ 1 እንዲሰጥ ወይም ብርሃን ሲያጣ 1 እንዲሰጥ ሆኖ ሊስተካከል ይችላል። ዕቃ ሲመጣ 1 ቢሆን ለማንበብ ስለሚቀል አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሽቦው ቢበጠስ ኢንፑቱ 0 ይሆንና ፕሮግራሙ «ጨረሩ ተዘግቶ ቀርቷል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ያሰማል። በሁለተኛው ምርጫ ግን የተበጠሰ ሽቦ ዕቃ የሌለበት ባዶ ቀበቶ ይመስላል፤ መስመሩም ምንም ሳይቆጥር ሰዓታት ሊሠራ ይችላል። ምልክቱን መገልበጥ በፕሮግራም ውስጥ አንድ መደበኛ ዝግ ኮንታክት (ምልክቱ 0 ሲሆን የሚያሳልፍ) ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ፒኤልሲው ምልክቱን በጊዜው ያየዋል ወይ?

ፒኤልሲ ኢንፑቶችን ያለማቋረጥ አያይም። በእያንዳንዱ ስካን መጀመሪያ ኢንፑቶችን ያነባል፣ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ይሠራል፣ በመጨረሻ አውትፑቶችን ይጽፋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። አንድ ስካን 10 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ በሁለት ንባቦች መካከል መጥቶ የሄደ ምልክት ለፕሮግራሙ እንዳልነበረ ነው። ከዚህ በፊት ደግሞ የኢንፑት ማጣሪያ አለ፤ ይህም አንድ ለውጥ ለተወሰነ ጊዜ ካልጸና አይቀበለውም። ለምሳሌ በሲመንስ ኤስ7-1200 ላይ ካልተለወጠ በስተቀር ማጣሪያው 6.4 ሚሊሰከንድ ነው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ አጭሩ የተዘጋ ጊዜና አጭሩ ክፍት ጊዜ ሁለቱም ለየብቻቸው ከማጣሪያው ጊዜና ከረጅሙ ስካን ድምር በላይ መሆን አለባቸው። የተለመደውን ሳይሆን ረጅሙን ስካን የምንወስደው ከስክሪን ጋር የሚደረግ ግንኙነት ወይም አልፎ አልፎ የሚሠራ ከባድ ስሌት ስካኑን ሊያስረዝመው ስለሚችል ነው፤ ለመተማመኛም ድምሩን በሁለት ማባዛት ጥሩ ልማድ ነው። በካርቶናችን 600 እና 200 ሚሊሰከንድ ከ16.4 ሚሊሰከንድ እጅግ ስለሚበልጡ ተራ ኢንፑት ይበቃል። በአንጻሩ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ክዳኖች በ10 ሚሊሜትር ክፍተት በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዙ የተዘጋው ጊዜ 10፣ ክፍቱ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ ክፍቱ ከማጣሪያው ስለሚያንስ ክዳኖቹ ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ዕቃ ይታያሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ መፍትሔው የፒኤልሲውን ከፍተኛ ፍጥነት ካውንተር መጠቀም ነው። ይህ ካውንተር በስካኑ ላይ ሳይመሠረት በሃርድዌሩ ውስጥ ራሱ ይቆጥራል፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው የተደመረውን ውጤት ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ካውንተሩን አዘጋጅቶ የኢንፑቱን ማጣሪያ እንደነበረ መተው በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ 6.4 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ ያለው ኢንፑት በሰከንድ ከ78 በላይ ምልክት አያሳልፍም። ሁለተኛ፣ ማጣሪያው ሲቀነስ የኤሌክትሪክ ረብሻም አብሮ መቆጠር ስለሚጀምር ሺልድ (ረብሻን የሚከላከል ሽፋን) ያለው ኬብል ግዴታ ይሆናል።

መሠረታዊው ፕሮግራም

አይኢሲ 61131-3 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሦስት ካውንተሮችን ይደነግጋል፦ ወደ ላይ የሚቆጥረው ሲቲዩ፣ ወደ ታች የሚቆጥረው ሲቲዲ፣ ሁለቱንም የሚያደርገው ሲቲዩዲ። ሲቲዩ የመቁጠሪያው መግቢያ ከ0 ወደ 1 በተለወጠ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ ምልክቱ 1 ሆኖ ቢቆይም ደግሞ አይቆጥርም። የተቆጠረው ከተሰጠው ግብ ጋር ሲተካከል ወይም ሲበልጥ ውጤቱ 1 ይሆናል። የሪሴት መግቢያው ከመቁጠሪያው ይበረታል፤ ይኸውም ሪሴቱ 1 ሆኖ እስከቆየ ድረስ የሚያልፈው ዕቃ ሁሉ ሳይቆጠር ይቀራል። ኦፕሬተሩ የሪሴት ቁልፍን ተጭኖ ሁለት ሰከንድ ቢቆይ በምሳሌያችን ሁለት ወይም ሦስት ካርቶን ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁልፉ የሚመጣው ምልክት ለአንድ ስካን ብቻ እንዲሠራ ጠርዙ መወሰድ አለበት።

ጠርዝ ስንል ምልክቱ የተለወጠበትን ቅጽበት ነው፤ ዕቃው ጨረሩን መዝጋት ሲጀምር የፊት ጠርዝ፣ ጨረሩን ሲለቅ የኋላ ጠርዝ እንለዋለን። የተቆጠረው ቁጥር ወዲያው ገፊ ክንድን ወይም በርን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ የፊቱ ጠርዝ ይሻላል፤ ዕቃው በእርግጥ ማለፉን ማረጋገጥ ከተፈለገ ደግሞ የኋላው። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ፤ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል በኋላ ለመተርጎም የሚያስቸግር የአንድ ዕቃ ልዩነት ይፈጥራል።

ምልክቱን ማጥራት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን። በመያዣው ቀዳዳ ምክንያት ካርቶናችን ጨረሩን ይዘጋል፣ ለ80 ሚሊሰከንድ ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል፤ በቀጥታ ለካውንተር ቢሰጥ እያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ይቆጠራል። ቀላሉ መድኃኒት ቲኦኤፍ የተባለው አጥፍቶ የሚያዘገይ ታይመር ነው፤ ምልክቱ ቢጠፋም ውጤቱን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። የታይመሩ ጊዜ ከቀዳዳው ጊዜ መብለጥ፣ ከክፍተቱ ጊዜ ደግሞ ማነስ ስላለበት በ80 እና በ200 ሚሊሰከንድ መካከል ያለውን 120 እንመርጣለን። ቀበቶው ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት የሚሄድና እምብዛም የማይቆም ከሆነ ይህ ብቻውን በቂ ነው፤ ብዙ መስመሮችም በዚሁ ይሠራሉ።

ነገር ግን አንድ ሰው ኢንቨርተሩን ነክቶ ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሰው ቀዳዳው 160 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ 120 ላይ የተሞላው ታይመር ቀድሞ ያበቃና ያው ካርቶን ሁለቴ ይቆጠራል። ከዚያ የባሰው ቀበቶው ቀዳዳው ከጨረሩ ፊት ለፊት እያለ ሲቆም ነው፤ በዚያን ጊዜ የትኛውም የታይመር ቁጥር አይበቃም። የጊዜ ታይመር ቀበቶው እየሄደ ይሁን ቆሞ አያውቅም፤ የምንፈልገው ግን ርቀት ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ለሚለዋወጥ ወይም ደጋግሞ ለሚቆም መስመር ኢንኮደር፣ ማለትም ሲሽከረከር ፐልስ የተባሉ አጫጭር ምልክቶችን የሚሰጥ መለኪያ፣ ይጨመራል።

ኢንኮደሩን በሞተሩ ዘንግ ላይ ሳይሆን በቀበቶው ላይ በሚሽከረከር ጎማ ወይም በሞተር በማይነዳው ሮለር ላይ ይትከሉት፤ ቀበቶው በሚነዳው ሮለር ላይ ሊንሸራተት ይችላልና። የጎማው ዙሪያ 200 ሚሊሜትር፣ ኢንኮደሩ በዙር 100 ፐልስ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ፐልስ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። በ0.5 ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 250 ፐልስ ስለሚመጣ ይህን የሚያነበው ከፍተኛ ፍጥነት ካውንተር ነው፤ ከላይ ስለ ማጣሪያው የተባለውም እዚህ በቀጥታ ይሠራል። ሁለቱም የኢንኮደሩ ቻነሎች ከተያያዙ ካውንተሩ የጉዞውን አቅጣጫ ያውቃል። በአራት እጥፍ አቆጣጠር (የሁለቱን ቻነሎች እያንዳንዱን ለውጥ በመቁጠር) ከተዘጋጀ ግን አንድ ቁጥር 0.5 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከዚህ በታች ያሉት ገደቦች ሁሉ በአራት መባዛት አለባቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስሞቹ እዚህ ለማስረዳት በአማርኛ ተጽፈዋል፤ በእያንዳንዱ ስካን የሚሠራው ግን ይኸው ነው፦

እንቅስቃሴ := የአሁኑ_ፐልስ − የቀድሞው_ፐልስ
የቀድሞው_ፐልስ := የአሁኑ_ፐልስ
ጨረሩ ከተዘጋ፦ የተዘጋ_ርቀት := የተዘጋ_ርቀት + እንቅስቃሴ፤ ክፍት_ርቀት := 0
ጨረሩ ክፍት ከሆነ፦ ክፍት_ርቀት := ክፍት_ርቀት + እንቅስቃሴ፤ የተዘጋ_ርቀት := 0
የተዘጋ_ርቀት ≥ 10 ከሆነ፦ ዕቃ_አለ := 1
ክፍት_ርቀት ≥ 30 ከሆነ፦ ዕቃ_አለ := 0

10 ፐልስ ማለት 20 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ ያነሰ የጨረር መጋረድ፣ ለምሳሌ የተንጠለጠለ ማሸጊያ ቴፕ፣ ዕቃ አይባልም። 30 ፐልስ 60 ሚሊሜትር ነው፤ ከ40 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ ይበልጣል፣ ከ100 ሚሊሜትሩ ክፍተት ያንሳል። ለካውንተሩ የሚሰጠው የሴንሰሩ ጥሬ ምልክት ሳይሆን «ዕቃ_አለ» የተባለው ነው። ቀበቶው ቆሞ ካርቶኑ በጨረሩ ጠርዝ ላይ ቢንቀጠቀጥና ሴንሰሩ መቶ ጊዜ ቢበራ ቢጠፋ እንቅስቃሴው 0 ስለሆነ ምንም አይቆጠርም፤ የሠራተኛ እጅ በቆመ ቀበቶ ላይ ጨረሩን ቢያቋርጥም እንዲሁ። ሁለቱ ርቀቶች ከ0 በታች እንዳይወርዱና ባዶ ቀበቶ ለረጅም ጊዜ ሲሄድ ያለ ገደብ እንዳያድጉ ከላይም ከታችም ወሰን ይደረግላቸው።

ተነካክተው ለሚመጡ ዕቃዎች

ካርቶኖቹ ያለ ክፍተት ተጣብቀው የሚመጡ ከሆነ ከላይ ያለው አሠራር ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸዋል። የመጀመሪያው ምርጫ ክፍተት መፍጠር ነው፤ ካርቶኖቹን በ0.5 ሜትር ከሚሄድ ቀበቶ በ0.75 ሜትር ወደሚሄድ ቀበቶ ካሻገሯቸው በየ300 ሚሊሜትሩ ይመጡ የነበሩት በየ450 ይሆናሉ፤ በመካከላቸውም 150 ሚሊሜትር ክፍተት ይከፈታል። ሴንሰሩን በሁለተኛው ቀበቶ ላይ፣ ከመሸጋገሪያው ቢያንስ አንድ የካርቶን ርዝመት አልፎ መትከል ያስፈልጋል፤ የኋላው ካርቶን ገና በዝግታው ቀበቶ ላይ እያለ የፊተኛው ሙሉ በሙሉ ተለይቶ መሄድ አለበትና።

ሁለተኛ ቀበቶ መጨመር የማይቻል ከሆነ ጨረሩ የተዘጋበትን ርቀት ለካርቶኑ ርዝመት አካፍሎ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ይቻላል። 610 ሚሊሜትር የተዘጋ ጨረር ሁለት ካርቶን ነው። ይህ ጥሩ የሚሆነው የዕቃው ርዝመት የማይለዋወጥ ሲሆን ነው፤ ስምንት ዘጠኝ ካርቶን ተያይዞ ከመጣ ግን በእያንዳንዱ ላይ ያለችው ትንሽ ልዩነት ተደማምራ ውጤቱን ታዛባለች።

ድምር፣ ምድብና ሪሴት

የተቆጠረውን የሚይዘው ተለዋዋጭ ዓይነቱ ኢንት (ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር) ከሆነ ከ32,767 በላይ አይይዝም። በደቂቃ 75 ለሚቆጥረው መስመራችን ይህ የሚሞላው በ7 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የ8 ሰዓት ፈረቃ ሳያልቅ ማለት ነው። በዲንት (ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር) ከተያዘ እስከ 2,147,483,647 ስለሚደርስ በዚሁ ፍጥነት ሌት ተቀን ቢሠራ ከ54 ዓመት በላይ ይፈጃል። ምርጫው ምንም ማሰብ አይጠይቅም።

ጠቅላላ ድምሩን ማንም ሪሴት እንዳያደርገው እመክራለሁ። የፈረቃውን ቁጥር ለማወቅ ፈረቃው ሲጀምር የነበረውን ድምር በሌላ ቦታ ያስቀምጡና ከአሁኑ ይቀንሱ። እንዲህ ሲደረግ ኦፕሬተሩ የፈረቃ ሪሴትን ቢጫን የሚለወጠው መነሻው ብቻ ነው፤ አንድም ዕቃ አይጠፋም፣ ክርክር ቢነሳም ዋናው ድምር ሳይነካ ይገኛል።

የ24ቱን ምድብ በተመለከተ፣ ቁጥሩ 24 ሲሞላ ወደ 0 ከመመለስ ይልቅ 24 መቀነስ ይሻላል። በተለይ ርዝመትን በማካፈል በአንድ ጊዜ ሁለት ዕቃ በሚጨምር ፕሮግራም ውስጥ ቁጥሩ ከ23 ወደ 25 ሊዘል ይችላል፤ 24 ሲቀነስ 1 ይተርፋል፣ ወደ 0 ሲመለስ ግን ያ አንዱ ይጠፋል። በዚሁ ምክንያት ንጽጽሩ «እኩል ነው» ሳይሆን «እኩል ነው ወይም ይበልጣል» መሆን አለበት። ምድቡ ሲሞላ ለገፊው ክንድ የሚሰጠው ትእዛዝ ክንዱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቦታው መመለሱን በራሱ ሴንሰር እስኪያረጋግጥ ድረስ ተይዞ ይቆይ፤ ትእዛዙ ሳይነሣ ቀጣዩ ምድብ ከሞላ ኮንቬየሩ እንዲቆምና ማስጠንቀቂያ እንዲሰማ ያድርጉ።

ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ

በአንድ መስመር ላይ በየማለዳው አንድ ካርቶን ትርፍ ይቆጠር ነበር። ቀን ሙሉ ቆሜ ባየውም አንድም ስህተት አላገኘሁም፤ ጥፋቱ የተገኘው ማለዳ ፒኤልሲው ሲበራ ተገኝቼ ሳይ ነው። ማታ መስመሩ ሲጠፋ አንድ ካርቶን በጨረሩ ፊት ይቀራል፤ ማለዳ ሲበራ የጠርዝ መያዣው ከ0 ይነሣል፤ ሴንሰሩ ወዲያው «ዕቃ አለ» ሲለው ከ0 ወደ 1 የተለወጠ ይመስለውና ትናንት የተቆጠረውን ካርቶን ዛሬም ይቆጥረዋል።

አምራቾች ይህን በተለያየ መንገድ ነው የያዙት። በሮክዌል ሎጂክስ ኮንትሮለሮች ላይ ከመጀመሪያው ስካን በፊት የካውንተሩ የመቁጠሪያ ቢት 1 ስለሚደረግ ይህ ስህተት በራሱ በሲቲዩ ላይ አይደርስም፤ በመመዘኛው የተደነገገው የጠርዝ መለያ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ምልክቱን 1 ካገኘው ጠርዝ ነው ይላል። በየትኛውም ላይ የሚሠራው ጥንቃቄ «ዕቃ_አለ»ንና የጠርዝ መያዣውን በመጀመሪያው ስካን ከሴንሰሩ የዚያን ጊዜ ሁኔታ ጋር ማስተካከል ነው። በፊት ጠርዝ ለሚቆጥር ፕሮግራም በጨረሩ ፊት የቆመው ዕቃ ቀድሞ የተቆጠረ መሆኑ ስለሚታመን ይህ ትክክል ነው። «የቀድሞው_ፐልስ»ም እንዲሁ በመጀመሪያው ስካን ከአሁኑ ጋር ይስተካከል፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው «እንቅስቃሴ» የማይረባ ትልቅ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ድምሩ፣ የፈረቃው መነሻና የምድቡ ቁጥር ኃይል ሲጠፋ በማይጠፋው የማስታወሻ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸውንም ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያዎች

ርቀት አስቀድሞ ስለሚለካ ማስጠንቀቂያዎቹን መጨመር ብዙ አይደክምም። የተዘጋው ርቀት ከአንድ ካርቶን ተኩል፣ ማለትም ከ450 ሚሊሜትር ወይም ከ225 ፐልስ ካለፈ፣ ካርቶኖች ተጣብቀዋል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ሞተሩ እየሠራ ለ2 ሰከንድ አንድም ፐልስ ካልመጣ ኢንኮደሩ ወይም ቀበቶው ችግር አለበት። ቀበቶው ብዙ ሜትር ሄዶ ምንም ካልተቆጠረ ደግሞ አንጸባራቂው ወይም የሴንሰሩ አቅጣጫ ይታይ።

ፍተሻ

ፕሮግራሙ ተጭኖ ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ፍተሻ አይባልም። በመጀመሪያ በቀስታ 100 ካርቶን በእጅ እየቆጠሩ ያሳልፉ፤ ቀጥሎ በሙሉ ፍጥነት ቢያንስ 1,000። ከዚያ መስመሩን ለማሳሳት ሆን ብለው ይሞክሩ፦ ቀዳዳው ከጨረሩ ፊት ለፊት እንዳለ ቀበቶውን ያቁሙና ያስነሡ፤ ካርቶን በጨረሩ ፊት እያለ የፒኤልሲውን ኃይል አጥፍተው ያብሩ፤ ዕቃ በሚያልፍበት ቅጽበት የፈረቃ ሪሴትን ይጫኑ፤ ሁለት ካርቶኖች አጣብቀው ይልቀቁ፤ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱ። በፍተሻው ጊዜ በእጅ የተገደደ ኢንፑት ወይም አውትፑት ካለ ሥራው ሲያልቅ መነሣቱን ያረጋግጡ።

ስህተት ከተገኘ አቅጣጫው ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ቁጥሩ በትርፍ የሚሄድ ከሆነ ቀዳዳን፣ ንዝረትን፣ የኤሌክትሪክ ረብሻንና የመጀመሪያውን ስካን ይመርምሩ፤ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ተጣብቀው የሚያልፉ ዕቃዎችን፣ የኢንፑት ማጣሪያን፣ ረጅም ስካንንና ተይዞ የሚቆይ ሪሴትን። የቆጠራው ትክክለኛነት ገንዘብ የሚያስከፍል በሆነበት መስመር ላይ በሌላው ጫፍ ሁለተኛ ሴንሰር ቢተከል ስህተቱ በተፈጠረበት ቀን ይታወቃል። ሁለቱ ሴንሰሮች 6 ሜትር ከተራራቁና ካርቶኖቹ በየ400 ሚሊሜትሩ ከመጡ በመካከላቸው 15 ካርቶን ብቻ ሊኖር ስለሚችል የሁለቱ ድምሮች ልዩነት ከዚያ ማለፍ የለበትም፤ ቀበቶው ባዶ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ 0 መሆን አለበት። ፍተሻው ካለቀ በኋላ የመጨረሻውን ፕሮግራም ቅጂና በወረቀቱ ላይ የያዟቸውን ልኬቶች በአንድ ላይ ያስቀምጡ፤ የካርቶኑ መጠን በተለወጠ ቀን 10፣ 30 እና 225 የተባሉት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ የሚነግረው ያ ወረቀት ነው።